ሯጭ ሳይሆን አይቀርም

ታላቅ ወንድሜን በትክክለኛ ስሙ የሚያውቀው የሠራተኞች ዝርዝር ብቻ ነበር። በፓርኩ ውስጥ ሁሉም ጋሽ ቀስበቀስ ይለዋል። ሯጮቹ ደግሞ ተረቱን እስከ ጫፉ ወስደው እንቁላል ይሉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገደሉ ጥግ ቆሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» እያለ ሲጮህባቸው ስለኖረ ነው። ከላይ እየበረሩ ሲወርዱ ከሩቅ ያዩትና «እንቁላሉን እንዳትሰብሩት!» ይባባላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። «እንቁላል የሚሰበረው ሲጣደፍ ነው፤ በሉ ሂዱ፣ ግን ቀስ» ይላቸዋል።

ሥራው የእግረኛ መንገድ መጠገን ነው። ከፓርኩ በር እስከ ፏፏቴው ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አራት መቶ ሜትሩ በገደል አፋፍ ይሄዳል፤ ይህን ጠባቡ እንለዋለን። ጠባቡ መካከል ላይ መንገዱ ድንገት የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ከወዲህ የቆመ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። ቦታውን ክርን ብሎ የሰየመው እሱ ነው፤ እንደ ክርን ስለሚታጠፍና ሰው ከሰው ጋር በክርን ስለሚላተምበት። ስፋቱ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ነው። ዝናብ ጠርዙን በበላ ቁጥር ይለካዋል፤ ድንጋይ ጠርቦ ይሞላል፤ ደግሞ ይለካዋል። የብረት መደገፊያ እንዲተከል ሦስት ጊዜ አመልክቷል። ሦስቱም ጊዜ «ዐለቱ ብሎን አይዝም» ተብሎ ተመልሶለታል። እውነት ነው፣ አይዝም። ስለዚህ ገመድ ዘረጋበት።

እሱ ሥራ ሲጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፓርኩ የሚመጣው ሰው ከስልሳ አይበልጥም ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ አጥራችንን ሲነካና መንገዱ አስፋልት ሲለብስ ቁጥሩ ወደ ሺህ ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ። ይህን የማውቀው የፓርኩን መዝገብ ቤት የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰነድ አያያዝ ተምሬያለሁ። የተማርኩትም አባታችን ሲሞት ወንድሜ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ድንጋይ ጠራቢ ስለሆነ ነው። ይህን ውለታ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። ፊደል ሳርመው ብቻ «አይ የኔ ማኅተም! አስተምሬ አስተምሬ ራሴን አስገረፍኩ» ይላል። ማኅተም የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ያለ ማኅተም ምንም ወረቀት ከክፍሌ ስለማይወጣ ነው።

የአደጋ መዝገቡን የሚሞላው እሱ ነው፤ ለቦታው ቅርብ እሱ ነዋ። መዝገቡ ስድስት ዓምድ አለው። ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ ያየው ሰው፣ ምርመራ። ዓምዶቹን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ከመዝገቡ ልባስ ጀርባ የተለጠፈውን ባለ አንድ ገጽ መመሪያም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በዓይን ያልታየ ነገር በመዝገብ አይሰፍርም» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

የመጀመሪያዋ ተጎጂ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ክርን ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወንድሜ ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «የሆነ ነገር ከኋላዬ ዥው ብሎ መጣ፤ ልሸሽ ስል ተንሸራተትኩ» አሉት። ማንም አልነካቸውም። ማንንም አላዩም። ወንድሜ መዝገቡን ይዞ መጣ፤ በዚያ እንደ ጥርብ ድንጋይ በተራራቀ ጽሕፈቱ «አንዲት እናት ወድቀው ተገኙ» ብሎ ሞልቷል። ምርመራ በሚለው ዓምድ ደግሞ «ሯጭ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጨምሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የቱ?»

«ሳይሆን አይቀርም የምትለው።»

«ኮቴውን ሰምቼዋለሁ እኮ! የሚሄድ ሰው ኮቴና የሚሮጥ ሰው ኮቴ ይለያያል። የሚሄድ ሰው ድንጋዩን ይረግጠዋል፤ የሚሮጥ ይገርፈዋል።»

«አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ቀረም፣ አልቀረም፣ ቁርጡ ያልታወቀ ነገር መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሳቀ። ቀዩን ብዕር ሰጠሁትና ሰረዘው። በሙያችን ደንብ ስሕተት የሚሰረዘው በአንዲት ቀጭን መስመር ነው፤ ከሥሩ ያለው ቃል መነበብ አለበት። መሰረዝ ይፈቀዳል፣ መደበቅ ግን አይፈቀድም። ከጎኑ የጻፈው ሰው ይፈርማል። ወንድሜ ፈረመ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው በክርን አካባቢ ወደቀ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ያንኑ ቃል ጻፈ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ አሰረዝኩት። ኋላ ኋላ ቀዩን ብዕር ሳልሰጠው ራሱ ከጠረጴዛዬ ያነሳ ነበር። «በይ እንግዲህ፣ የልማዴን ልሰርዝ» ይላል።

ሯጮቹን ይጠላ ነበር የሚል ካለ አያውቀውም። ከሁሉ ይልቅ የሚወዳት አንዲት ነርስ ናት። ከሌሊት ተራዋ ወጥታ በቀጥታ ወደ ፓርኩ ትመጣለች። አንድ ቀን አስቁሟት መንገድ ዳር ሲነጋገሩ እኔ ሰምቻቸዋለሁ፤ የበሩን መዝገብ ልሰበስብ ወርጄ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ ደግሞ ትሮጫለሽ? አልጋ የለሽም?»

«አልጋማ አለ ጋሽዬ፤ እንቅልፍ ነው የሌለው። ትናንት ሁለት ሰው እጄ ላይ ሞተ። ካልሮጥኩ አይለቀኝም።»

«ከተማ ውስጥ ሩጪያ።»

«ከተማ ብሮጥ አንዱ በመኪና ይገጨኛል፣ አንዱ ይለክፈኛል። የቀረኝ እዚህ ብቻ ነው። እሱንም ልትከለክሉን ነው አሉ።»

ወንድሜ አካፋውን ተደገፈ። «እኔ መንገድ የምሠራው በእርምጃ ለክቼ ነው» አላት። «ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ያዞራል። ትከሻ ለማዞር ጊዜ ያስፈልጋል አይደል? ሯጭ የሚወስድብን እሱን ጊዜ ነው። ሩጪ፤ ክርን ስትደርሺ ብቻ ሂጂ። ለኔ ስትይ።»

«ለርስዎ ስል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርን ስትደርስ ትራመዳለች። እሷ ትራመዳለች፤ ሌሎቹ አይራመዱም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ አባት ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ክርን ላይ ሲታጠፍ ሯጮች መጡበት። ሰውየው ወደ ገደሉ በኩል ሸሸ። እግሩ ተንሸራቶ ገመዱ ያዘው። ያ ወንድሜ የዘረጋው ገመድ ማለቴ ነው። ማንም ስላልወደቀ በመዝገቡ አልገባም። ወንድሜ መዝገብ ቤት መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ ቦት ጫማውን በሩ ላይ ሳያወልቅ የገባበት ብቸኛው ቀን ነው።

«ማኅተሜ፣ የሚቀጥለው ይሞታል» አለ።

«አትሟርት።»

«ሟርት አይደለም። ገመዱ የተበላ ነበር፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ብቀይረውም ዐለቱ መልሶ ይበላዋል። የሚቀጥለው ይሞታል። ጻፊልኝ።»

ማመልከቻውን እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩት። የጠየቀው እገዳ አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ጠባቡ ላይ ብቻ ሩጫ ይቁም ነው ያለው። «ከሦስት በፊት ይሩጡ። ከስድስት በኋላም ይሩጡ። ሦስት ሰዓት ነው የለመንኩት» አለ። ለመንኩት የሚለውን ቃል ጠየቅሁ ብዬ አረምኩት።

ማመልከቻው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የፓርኩ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ አጭር መልስ ይወዳል እንጂ። በረዥሙ ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«በጠባቡ መንገድ ላይ በሯጮች ምክንያት የደረሰ አደጋ ስንት ነው?»

መዝገቡ ፊቴ ተገልጧል። አሥራ አንድ መስመር፤ አሥራ አንድ «ወድቀው ተገኙ»። ያየው ሰው፦ ባዶ። ምርመራ፦ የተሰረዘ። ወንድሜ በሩ ጋ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«በመዝገቡ መሠረት፣ የለም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«እሺ፤ በቀን ስንት ሯጭ እንደሚገባስ እናውቃለን?»

የበሩ መዝገብ የሚጠይቀው የመግቢያ ሁኔታን ነው። በተሽከርካሪ፣ በብስክሌት፣ በእግር። ሯጩም ሂያጁም በእግር ተብሎ ይመዘገባል። ይህንኑ ተናገርኩ።

«ታዲያ ሯጭ በምኑ ይሮጣል፣ በእጁ ነው?» አለ ኃላፊው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። «እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ይሉን የለ ጋሽ ቀስበቀስ!» ሲል ደግሞ ወንድሜም አብሮ ሳቀ። የሳቀው ሌላው ስለሳቀ ነው። አፉን ሲዘጋ አየሁት።

ክርን ላይ «እባክዎ ይጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ እንዲተከል ተወሰነ። ጉድጓዱን የቆፈረው ወንድሜ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ይወቅሰኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልወቀሰኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ። መዝገቡ ያለውን አልሽ» አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ቆመ፤ ጉልበቱን ሲያመው እንደሚያደርገው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁልጊዜ ከሆነ በኋላ ነው የምደርሰው። ማየት ነው ያለብኝ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ክርን ላይ መቆም ጀመረ። መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ ብዕሩን ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከትርፍራፊ የመጋረጃ ጨርቅ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰፋችለትና እያለበሰችው ስትነጫነጭ ሰማኋት።

«አንተ ሰው፣ ጉልበትህ የቤታችንን ደረጃ አይወጣም፤ ገደል ጫፍ ላይ ምን ትገተራለህ?»

«እህቴ ያላየኸውን አትጻፍ ብላኛለች። ልይ እንጂ።»

«ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። አንዷ ወረቀት ሆና ተወለደች፣ አንዱ ድንጋይ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ተው አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ የዓይን ምስክር ያለው አንድ መስመር ይገኛል ብዬ አሰብኩ። ብዕሩ ቀለም ጨርሶ ስለነበር አዲስ ብዕር ሰጠሁት።

አራት ቅዳሜ ቆሞ ምንም አላየም። እሱ በቆመበት ሯጮቹ ቀስ ይላሉ፤ ብርቱካናማውን ሰደርያ ከሩቅ ያዩታላ። «እኔ ስኖር አይሮጡም፣ ሲሮጡ እኔ አልኖርም» አለኝ። አምስተኛው ቅዳሜ ሰደርያውን ቤት ትቶት ሄደ። ባለቤቱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ አገኘችው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የሬዲዮ መገናኛው ጮኸ። ቦታው ክርን ነው አሉ። ስደርስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ማለፍ አቃተኝ። «እባካችሁ አሳልፉኝ፣ ወንድሜ ነው» እያልኩ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፋሁ። ገመዱ ተበጥሷል። ታች፣ ስምንት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካለው ዐለት ላይ ነርሷ ተንበርክካለች። ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። በሥራዋ ብዙ ጊዜ ያደረገችው ነገር መሆን አለበት፤ አልተሳሳተችም።

መዝገቡ መንገዱ ላይ ተገልጦ ወድቋል። አንድ ሰው ረግጦታል፤ ገጹ ላይ የጫማ ሶል ምልክት አለ። ወንድሜ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የሚታወቀውን አስቀድሞ ይሞላ ነበር። ቁጥር 12። ቀኑ። ቦታ፦ ክርን። ሌላው ባዶ ነው።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ መዝገቡን ላስቀምጥ ስገባ ነርሷ መዝገብ ቤት መጣች። ጥፍሯ ውስጥ ገና አፈር ነበር።

«እትዬ፣ ጻፊ» አለችኝ። «ከሱ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ ነበርኩ፤ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። መጀመሪያ ኮቴ ሰማሁ፣ ቁልቁል የሚሮጥ ሰው ኮቴ። ቀጥሎ የሱን ድምፅ ሰማሁ፤ ‹ቀስ› አለ። ቀስ ብቻ፤ አልጨረሰውም። ከዚያ ገመዱ። ኮቴው አልቆመም እትዬ። አልቆመም።»

«አይተሽዋል?»

ጥፍሯ ውስጥ ያለውን አፈር በአውራ ጣቷ ፋቀች።

«ልብሱን? ጀርባውን? ሴት ይሁን ወንድ?»

«ሰምቻለሁ እኮ ነው የምልሽ! ሯጭ ነኝ፤ የሯጭ ኮቴ አይጠፋኝም። አንዱ የኛ ሰው ነው። የኛ ሰው ነው የገደለው።» ጠረጴዛዬ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። እኔ ስድስቱን ዓምዶች አየሁ። ያየው ሰው የሚል አለ። የሰማው ሰው የሚል የለም። ሳሰምር አላሰብኩትም።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። ከዚያ በፊት መስመሩን ሞላሁ። የሆነው ነገር፦ ወድቆ ተገኘ። ያየው ሰው፦ የለም። ምርመራ የሚለው ዓምድ ብቻ ቀረ። እዚያ የሱን ቃል፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ ጻፍኩት። ሯጭ ሳይሆን አይቀርም።

ኃላፊው ከልቡ አዝኖ ነበር። ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ያየ አለ?»

«ነርሷ ሰምታለች።»

«መስማቷን አልጠየቅሁም።»

«የተሰረዙትንም ይመልከቱ» አልኩት። «ይነበባሉ፤ አሥራ አንዱም ይነበባሉ። አሥራ ሁለት ጊዜ አንድ ቃል። እባክዎ። ሦስት ሰዓት ነው የጠየቀው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። እለምንዎታለሁ።» ለመንኩ የሚለው ቃል ይኸው ከአፌ ወጣ፤ የሚያርመው አልነበረም።

ኃላፊው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የሯጮች ማኅበር ከተማው ውስጥ ትልቅ ውድድር እያዘጋጀ እንደሆነና ሯጮቹን ማስቀየም እንደማይፈለግ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን ያን አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም። መዝገቡን ዘግቶ ጀርባውን ገለበጠና የተለጠፈውን ገጽ በጣቱ አሳየኝ።

«ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የተሰረዘ ነገር እንደ ማስረጃ አይቆጠርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ጦጣ ሳይሆን አይቀርም ቢል ምን ልንል ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሐዘንዎ ነው። ይገባኛል። ግን መዝገቡ ሐዘን አያውቅም፤ ይህንንም ያሉት እርስዎ ነዎት። ገመዱን በሰንሰለት እንቀይራለን። ይህችን ቃል ይሰርዟት።»

ማንም አልሳቀም። መልስ ፈለግሁ። ከተማርኩት ሁሉ ውስጥ፣ ወንድሜ ድንጋይ እየጠረበ ካስተማረኝ ሁሉ ውስጥ፣ አንዲት የምትረዳኝ ደንብ ፈለግሁ። እሱ ትክክል ነበር። ትክክለኛነቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀዩን ብዕር ከቦርሳዬ አወጣሁ። በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዝኩት፤ ከጎኑ ፈረምኩ። ከሥሩ ይነበባል።

ሰንሰለቱ እስካሁን አልተተከለም። ዐለቱ ብሎን አይዝም ተብሏል።

ነርሷ መሮጥ አቁማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ክርን ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ «ቀስ በሉ» እንደምትል ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ያዳምጣታል፣ አንዳንዱ ጆሮው ላይ ሙዚቃ አለ። ሂጂ፣ ውረጂ፣ አትቁሚ ብያታለሁ። ለወንድሜ ያላልኩትን ለሷ አልኩ። «ታዲያ ማን ይቁም?» አለችኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የበሩ ጠባቂ እንደ ወትሮው የዕለቱን መዝገብ አመጣልኝ። በተሽከርካሪ፦ ዘጠና ሁለት። በብስክሌት፦ አርባ። በእግር፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት። ደመርኩት፤ ስሕተት የለበትም። ማኅተሙን መታሁበት።